የጋሽ ቀስበል እግር

ጋሽ ቀስበል "ቀስ በል" በማለት ብቻ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ሥራቸው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ለወንዱ "ቀስ በል"፣ ለሴቷ "ቀስ በይ"፣ በዕድሜ ለገፋው ተማሪ "ቀስ ይበሉ ጌታዬ" እያሉ ሲኖሩ፣ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ከሰው አፍ ጠፋና ይኸኛው ቀረ። ትምህርት ቤታቸው ብዙ የሚቆጠር ንብረት አልነበረውም፤ አንዲት አሮጌ መኪና፣ እሳቸውና አንድ ጃንጥላ። ጃንጥላው የሚዘረጋው መኪናዋ ውስጥ ነው፤ ጣሪያዋ በሾፌሩ በኩል ያፈሳልና። ዝናብ ሲመጣ ጋሽ ቀስበል በአንድ እጃቸው ጃንጥላውን ተማሪው አናት ላይ ይይዛሉ፣ በሌላው እጃቸው መንገዱን ያሳያሉ። "አንተ ፊት ለፊትህን እይ፤ ሰማዩን ለኔ ተወው" ይሉታል።

መኪናዋ እንደማንኛዋም የማስተማሪያ መኪና በመምህሩ በኩልም ፍሬንና ፍሪሲዮን ተገጥሞላታል። ሁለቱ ፍሬኖች ከሥር በብረት የተያያዙ ናቸው፤ መምህሩ የራሱን ሲረግጥ የተማሪውም አብሮ ይወርዳል። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ የዚህ ቤተሰብ ጣጣ ሁሉ የሚነሣው ከዚያች ብረት ነው።

ከጋሽ ቀስበል እጅ ቅጽል ስም ሳይሰጠው የወጣ ተማሪ የለም። ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ያበራ መስሎት ሁልጊዜ የዝናብ መጥረጊያውን የሚያስነሣውን ወጣት "ዝናቡ" አሉት። በጠራራ ፀሐይ መስታወቱ ሲጠረግ ወደ ሰማይ ቀና ብለው "ዛሬም ጣለ" ይላሉ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆማ እጇን የምታውለበልበውን ባለሱቅ ደግሞ "ንግሥቲቱ" አሏት። ሴት ልጃቸው "አብራሪዋ" ነበረች። ይህ ስም የወጣላት መሪ ከመጨበጧ በፊት፣ በልጅነቷ በብስክሌት ደረጃ ወርዳ የጎረቤት የተሰጣ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ በተገኘችበት ቀን ነው። አድጋ፣ ተምራ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ተከራይታ ከወጣችም በኋላ ስሙ አልለቀቃትም።

መንዳት መማር የጀመረችው ከወላጆቿ ቤት በወጣች ሰሞን ነው። እሁድ ጠዋት ትመጣለች፤ አባቷ መኪናዋን ወልውለው፣ መስታወቷን አስተካክለው ደጅ ቆመው ይጠብቋታል። የሚሄዱት ወደ መጋዘኖቹ ሰፈር ነው። በሥራ ቀን የጭነት መኪና የሚርመሰመስበት ያ ሰፊ መንገድ እሁድ እሁድ ጭር ይላል። እሷ ትነዳለች፣ እሳቸው ያወራሉ። ንግሥቲቱ ትራፊክ ፖሊሱን እንዴት ቆማ እንዳሳለፈችው፣ ዝናቡ ከመኪናዋ ሲወርድ እንዴት ቀበቶውን ሳይፈታ ሊሄድ እንደነበር ይነግሯታል፤ እሷም እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ሲደክማቸው አንድ የተዘጋ መጋዘን ጥላ ሥር አቁመው ብርቱካን ይልጣሉ። መስቀለኛ መንገድ ላይ በደረሱ ቁጥር መኪናዋ ሳታንገጫግጭ፣ ሳትንቀጠቀጥ ጸጥ ብላ ትቆማለች። አባት ያኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "እግርሽ ቅቤ ነው፤ እንዳንቺ ፍሬን የሚይዝ ሰው አላየሁም" ይላሉ።

ትምህርቱ ግን አላልቅ አለ። ሌላው ሰው በጥቂት ወር ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ ሲሄድ እሷ ዓመት አልፎ ዓመት መጣባት። ስለ ፈተና ባነሣች ቁጥር ጋሽ ቀስበል፣ "አንዲት ትምህርት ብቻ ቀርታሻለች" ይሏታል። አንዴ ዳገት ላይ ማስነሣት ነው፤ አንዴ ወደ ኋላ ነድቶ ማቆም ነው፤ አንዴ ጭቃ ነው። ጭቃ ከሌለ ደግሞ ጭቃ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲሏት፣ "እንቁላሉ እኮ እስካሁን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ይሆናል፣ አባዬ" ትላቸዋለች። ታላቅ ወንድሟ ገና በመጀመሪያው ፈተና አልፎ ስለነበር በየምክንያቱ ያነሣባታል። እሷ ግን ደንታ አልሰጣትም። እግሯ ቅቤ መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ሰምታለች።

ከዚያ በአንድ ተራ ማክሰኞ ጋሽ ቀስበል ሞቱ። "ልባቸው ነው" አለ ሐኪሙ። አብራሪዋ አባቷን ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወዳቸው ነበርና ለብዙ ጊዜ ሰው ሲያናግራት የምትሰማ አትመስልም ነበር።

በቀብራቸው ዕለት እንኳ እኚያ ሰውዬ ቤተሰቡን ሳያዋርዱ አልቀሩም። ከቀብር መልስ እናት፣ ወንድምና አብራሪዋ በኪራይ ሚኒባስ የፊተኛው ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ሾፌሩ ቸኩሏል። አንድ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ሦስቱም እኩል ቀኝ እግራቸውን አንሥተው ወለሉን ደለቁት። በዚህ ቤት ማንም ሰው በሌላ ሰው መኪና ሲሄድ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ ከአባት የተወረሰ በሽታ ነው። ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዳር ይዞ ቆመ፤ ወርዶም ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታ ጀመር። መጀመሪያ የሳቁት እናት ናቸው። ልጆቹም ተከተሉ፤ ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ከኋላ የተቀመጡት ዘመዶች ሐዘኑ ናላቸውን አዙሮታል ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

ጉዱ የወጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ወንድሟ እናቱን ሊጠይቅ በራሱ አዲስ መኪና መጣና ግቢው በር ላይ አቆማት። "ትንሽ ወደ ፊት አስጠጊልኝ፣ በሩን ልዝጋ" አላት አብራሪዋን። ፈቃድ ባይኖራትም በገዛ ግቢያቸው ማን ይጠይቃታል። አስነሣች፤ ማርሽ አስገባች፤ ተንቀሳቀሰች። የውሃው በርሜል ጋ ስትቀርብ እንደ ልማዷ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈችና መኪናው እስኪቆም ጠበቀች። መኪናው አልቆመም። እሷም ጨዋ ናትና ጥበቃዋን አላቋረጠችም። በርሜሉ ተገልብጦ፣ ውሃው ግቢውን አጥለቅልቆ፣ የእናቷ የቤት ጫማ እየተንሳፈፈ በሩ ጋ ከወንድሟ እግር ሥር ደረሰ።

"ፍሬን አልያዝሽም እኮ" አለ ወንድሟ ጫማውን ከውሃው እያነሣ።

"ይዣለሁ። መኪናህ ነው ፍሬን የሌለው።"

ወንድሟ ገብቶ ነዳትና ረገጠው። መኪናዋ ቀጥ አለች። አብራሪዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እግሯን ፍሬኑ ላይ አሳረፈች፤ ፔዳሉ ባለበት ቆመ። በአባቷ መኪና ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ራሱ ይወርድ ነበር፤ እሷ ያወረደችው እየመሰላት። ነገሩ ቀስ እያለ ገባት። ያ ቅቤ እግር ያን ሁሉ ዘመን ፍሬን ላይ ተሳፋሪ ነበር።

ወንድሟ የሳቀውን ያህል ከሳቀ በኋላ የመጣበትን ነገር አነሣ። የአባታቸውን መኪና የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ ፀጉር ቤት ያለው ጓደኛው ለሚስቱ ይፈልጋታል። አብራሪዋ ይህን ስትሰማ የአባቷ ወንበር፣ የአባቷ ጃንጥላ፣ በሩ ኪስ ውስጥ የደረቀው የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር በዓይኗ ላይ ሄደ። "አትሸጥም" አለች።

"ማን ሊነዳት? አንቺ?" አለ ወንድሟ በርሜሉን እያየ።

እናት እርጥብ ጫማቸውን እያራገፉ ፈረዱ። "ቆማ የምትዝግ መኪና ደጄ ላይ አላይም። ልጅቷ መንጃ ፈቃድ ካወጣች መኪናዋ የሷ ናት። ካላወጣች ውሰዳትና ሽጣት።"

አብራሪዋ እልህ ያዛትና በዚያው ሰሞን በአባቷ መኪና ለፈተና ቀረበች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለሷ ነው። ደግሞ የደረሳት ፈታኝ ማን ይሁን፤ ዝናቡ። ያ ወጣት ዛሬ ቦርጭ አውጥቶ፣ ኮት ለብሶ፣ በብዕሩ የሰውን ዕድል የሚወስን ትልቅ ሰው ሆኗል። ሕጉ ቀላል ነው። ፈታኙ በመምህሩ ቦታ ይቀመጣል፤ እግሩ ፍሬን የነካ እንደሆነ ተፈታኙ ወደቀ። የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ አብራሪዋ እግሯን አሳረፈች፤ ከልማድ የተነሣም ለቅጽበት ጠበቀች። ከቀኝ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ዝናቡ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ።

"የጋሽ ቀስበል ልጅ ናት ብዬ እግሬን ዘርግቼ፣ ተዝናንቼ ነበር የተቀመጥኩት" አለ ላቡን እየጠረገ። "ምን ነካሽ?"

"አባዬ ነበር የሚይዝልኝ" አለች።

"ጋሽ ቀስበል? ፍሬን?" ዝናቡ ዞሮ አያት። "እሳቸውማ ለማንም አይዙም ነበር። የታወቁትም በዚህ ነው። እኔን የወፍጮ ቤት ግድግዳ እስክመታ እጃቸውን አጣጥፈው አዩኝ። ‘ግድግዳን የመሰለ መምህር የለም’ ብለው ሳቁብኝ። እግራቸውን እዚያ ፔዳል ላይ አንድ ቀን አላየሁትም።"

ለማንም የሚለው ቃል ነው የወጋት። ለዝናቡ እንኳ፣ ፍሬቻና መጥረጊያ መለየት ላቃተው ሰው፣ አባቷ እምነት ነበራቸው። ለሷ ግን አልነበራቸውም። ቅቤ ነሽ ያሏት ለማባበል ነው። ልጄ አትችልም ብለው ደምድመው፣ እንዳትሰማ በሳቅና በብርቱካን ሸፍነው ነው የኖሩት። መኪናዋን ፈተናው ግቢ ትታ በእግሯ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ አባቷን እየተጣላች ነበር፤ ከሞተ ሰው ጋር ጠብ ደግሞ መልስ የለውምና ክፉ ነው።

እናቷ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘቻቸው።

"ይሸጥ" አለች። "መኪናውን አልፈልገውም።"

"ወደቅሽ?"

"መውደቄ አይደለም እማዬ። አባዬ እንደማልችል ያውቅ ነበር። ለሰው ሁሉ የማይይዘውን ፍሬን ለኔ ሲይዝ፣ ሲያሞኘኝ ነው የኖረው።"

እናት ቢላዋውን አስቀመጡ። አብራሪዋ ማጽናናት ጠብቃ ነበር፤ እናቷ ግን ይስቁ ጀመር። "አንቺ ልጅ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ክኒን ሁሉ በስሙ ታውቂያለሽ፤ አባትሽን ግን አላወቅሽውም" አሉ። "እግርህን አንሣላት፣ ልጅቷ ትማር ብዬ ስንቴ ጨቀጨቅኩት መሰለሽ። ‘ከተማረችማ ትሄዳለች’ ነው የሚለኝ።"

"የት እሄዳለሁ?"

"እኔም እንዲሁ ብዬ ጠየቅኩት። ‘ወንድሟ ፈቃዱን ባወጣ ማግስት እሁድ የሚባል ቀን መኖሩን ረሳው፤ እሷ ግን እስክትችል ድረስ ትመጣለች’ አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ አንቺው ቀድመሽ ፍሬኑን ያዝሽበት። አታስታውሺውም፤ እሱ ግን ቤት ገብቶ ምሳ አልበላም አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ ‘አብራሪዋ ሊያልቅላት ነው’ ብሎ ሲቆዝም ዋለ። ከዚያ በኋላ ነው ጭቃውን የፈለሰፈው።"

አብራሪዋ ሽንኩርቱን ሰበብ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ተናደደች። ያን ሁሉ ዓመት በታክሲ ስትጋፋ፣ ወንድሟ ሲስቅባት፣ አባቷ እያወቁ ነው የያዟት። ሰው እንዴት የገዛ ልጁን በፍሬን ያግታል? መልሳ ስታስበው ግን እሷም አንድም እሁድ ቀርታ እንደማታውቅ ትዝ አላት። ለመንጃ ፈቃድ ብላ ነበር የምትመጣው? 

በሚቀጥለው እሁድ ስትመጣ ወንድሟ ደጅ በመለሳት መኪና ውስጥ እናቷ ተቀምጠው ጠበቋት፤ በመምህሩ ቦታ። ጫማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ እግራቸውን ወንበሩ ላይ አጣጥፈዋል። "አባትሽ እግሩን መግዛት አልቻለም። እኔ ግን እችላለሁ" አሉ። "ንጂ።"

እናት በሕይወታቸው መሪ ሲጨብጡ ያየ ሰው የለም፤ ግን ከጋሽ ቀስበል ጋር ስንት ዘመን ኖረው ትምህርቱን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውታል። "ስፖኪዮ እዪ። ፍሬቻ። ማርሽ ቀንሺ። ያንን ባለብስክሌት አትመኚው፣ ቀልቡ እዚህ አይደለም" ይላሉ። በዚያ ቀን አብራሪዋ ባዶ የጠርሙስ ሳጥኖች ክምር ላይ ወጣች። እናቷ ንቅንቅ አላሉም፤ እግራቸውን ጥብቅ አድርገው እንደያዙ፣ ሳጥኖቹ ተራ በተራ እየተንከባለሉ ሲያልቁ ጠብቀው፣ "በሚቀጥለው ቀደም ብለሽ ርገጪ" አሉ። የመጋዘኑ ዘበኛ ከዚያ ወዲህ እነሱን ሲያይ ወንበሩን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር።

እሁድ አልፎ እሁድ ሲተካ ክምሩ ከመመታት ዳነ፤ ዘበኛውም ወንበሩን ወደ ደጅ መለሰ። የእናቷ ትእዛዝ እያነሰ፣ ወሬያቸው እየበዛ መጣ። አንድ ቀን ብርቱካን እየላጡ፣ "የአባትሽ የመጀመሪያዋ ተማሪ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?" አሏት።

"ማን ናት?"

"እኔ ነኛ። አንዲት ትምህርት ቀርታሻለች፣ አንዲት ትምህርት ቀርታሻለች እያለ ሲያመላልሰኝ ከርሞ፣ በመጨረሻ አገባኝ። እስከ ዛሬ ያቺ ትምህርት ቀርታኛለች።" ይህን ብለው ፍሬውን ወደ አፋቸው ወረወሩ። አብራሪዋ እናቷ ሲሽኮረመሙ ያየችው ያን ዕለት ነው።

ለሁለተኛው ፈተና ስትቀርብ እናቷም አብረዋት መጡ፤ ከግቢው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ በዚህኛው ቀን እግሩን አልዘረጋም፤ ፔዳሉ ጫፍ ላይ አንዣቦ፣ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር የተቀመጠው። መስቀለኛው መንገድ ላይ አብራሪዋ ረገጠች። መኪናዋ ቆመች፤ ትንሽ ገጭ ብላ፣ ቅቤነቱ ጎድሎት፣ ግን ቆመች። ዳገቱ ላይ አስነሣች። ወደ ኋላ ነድታ በምሰሶዎቹ መሀል አስገባች። ተመልሰው ግቢው ውስጥ ሲቆሙ ዝናቡ የበሩን እጀታ ለቀቀ።

"አልፈሻል" አለ።

አብራሪዋ ግንባሯን መሪው ላይ ደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

"አልፈሻል እኮ ነው ያልኩሽ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"አባዬ አንዲት ትምህርት ቀርታሻለች ይለኝ ነበር" አለች። "አሁን አለቀች።"

ዝናቡ የመምህሩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከእግሩ ሥር ያለውን ፔዳል አየ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ ወረደና በሩን ሳያጮህ ዘጋላት።

እናቷ ልጃቸው ስታለቅስ ከሩቅ አይተው ቦርሳቸውን እንኳ ሳያነሡ መጡ። በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ፀጉሯን ዳበሱ። "አይዞሽ የኔ ልጅ። መኪናዋ የትም አትሄድም። ያንን ገዢ ገና ዱሮ መልሼዋለሁ።"

አብራሪዋ ቀና አለች። "መቼ?"

"በርሜሉን በገለበጥሽ ማግስት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

አብራሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። "እማዬ፣ አልፌያለሁ እኮ" አለች።

"እሰይ" አሉ እናት። ዞረው መጥተው በመምህሩ በኩል ገቡ፤ አቀፏት፤ ግንባሯን ሳሙት፤ እሰይ ልጄ፣ እሰይ፣ ደግ አደረግሽ አሉ።  አብራሪዋ ሞተሩን አስነሥታ እስኪዘጋጁ ጠበቀች። እናቷ ጫማቸውን አላወለቁም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግቢውን ያዩ ነበር።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።" ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እሁድ እሁድ ታዲያ ምን ልንሆን ነው?" አሉ።